የቮልስ ጉልበት የሚገኘው ከማርሚታው ነው ወይስ ከአየሩ?

በአገራችን ስለ አሮጌ መኪና ሲወራ አስቀድማ ወደ ሐሳብ የምትመጣው ቮልስ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበርና መኪናዪቱ ከታሪካችንም ጋር የተቆራኘች ናት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወጣቶች አሮጌ ቮልሶችን እየገዙ ማደስና ጉልበታቸውን ለመጨመር መሞከር ይዘዋል። ይህን ጥረት እንደግፋለን። የማንደግፈው ሥራው የሚጀመርበትን ቦታ ነው። በአብዛኛው የመጀመሪያው ገንዘብ የሚወጣው ለማርሚታ ነው፤ የፋብሪካው ወልቆ በምትኩ ሰፊና ጯሂ ቱቦ ይገጠማል። በእኛ እምነት በጣና ዙሪያ ለሚነዳ ሰው የማርሚታ ተራ የመጨረሻው ነው። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

የአየሩ ሒሳብ

ሞተር የሚኖረው በቤንዚን ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህም የሞተር ጉልበት የሚወሰነው በእያንዳንዱ ዑደት ሊስበው በሚችለው የአየር ክብደት ነው። የጣና ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት፣ ሙቀቱ እኩል ነው ብለን ብንወስድ፣ ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ ያህል ነው። ጀርመን ውስጥ 50 የፈረስ ጉልበት የተመዘገበለት የ1600 ቮልስ ሞተር እዚህ 40 ያህሉን ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። 34 ጉልበት የነበረው የ1200 ሞተር ደግሞ ወደ 27 ይወርዳል። ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሮ ሐሙሲት የደረሰ መንገደኛ ወደ እስቴ የሚያቀናውን መንገድ ይዞ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር መኪናው ቢደክምበት ሊገርመው አይገባም። የጎደለው አየር ነው፤ የጎደለውን አየር ደግሞ የትኛውም ማርሚታ አይተካውም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ካርቡራተር ቤንዚንን የሚመጥነው በጠባቡ ጉሮሮው ውስጥ በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ነው። አየሩ ሲሳሳ በውስጡ የሚያልፈው የአየር ክብደት ይቀንሳል፤ የቤንዚኑ እፍጋት ግን አይለወጥም። የፈሳሾች ፍሰት ሕግ እንደሚያሳየን የአየርና የቤንዚን ምጣኔ የሚለወጠው በአየር እፍጋት ስኩዌር ሩት ልክ ነው። የ0.8 ስኩዌር ሩት 0.89 ነው፤ ስለዚህ ለባሕር ጠለል በ14.7 የተስተካከለ ካርቡራተር በጣና ዳርቻ ወደ 13.1 ይወርዳል። ባለቤቱ ሳያውቅ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያቃጥላል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፤ ጭሱም ይጠቁራል። መድኃኒቱ አነስተኛ ቀዳዳ ያለው የቤንዚን መመጠኛ መግጠምና ታይሚንጉን በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ነው፤ የሳሳ ድብልቅ የሚቃጠለው በዝግታ ነውና። የዚህ ሥራ ወጪ ከአንድ ማርሚታ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከጉልበት በፊት ሕይወት

ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ሌላም መዘዝ አለው። በሚገባ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጥራል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሰውን ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም አድርጎ ይገድላል። ቮልስ ደግሞ ውኃ የሌላት፣ በአየር የምትቀዘቅዝ መኪና ናት። የተሳፋሪው ክፍል የሚሞቀው የሞተሩ ማቀዝቀዣ አየር በጭስ ቱቦዎቹ ላይ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ሲያልፍ ነው። በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው ቱቦ በዝገት ከተበሳ ጭሱ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። ስለዚህ ስለ አዲስ ማርሚታ ከመነጋገር በፊት የነባሩ ቱቦ፣ መጋጠሚያዎቹና የሙቀት ሣጥኖቹ ጤንነት መመርመር አለበት። በዚህ ነጥብ ላይ ድርድር የለንም።

ማርሚታ ምን ይሠራል?

ከሲሊንደር የሚወጣው ጭስ የግፊት ሞገድ ሆኖ በቱቦው ውስጥ ይጓዛል። ሞገዱ የቱቦው ጫፍ ሲደርስ ዝቅተኛ ግፊት ሆኖ ይመለሳል፤ በትክክለኛው ጊዜ ከተመለሰም ቀሪውን ጭስ ስቦ በማውጣት ለአዲስ አየር ቦታ ይለቅቃል። በትኩስ ጭስ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የ80 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ብንወስድ ሞገዱ ሄዶ ለመመለስ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር 58 ዲግሪ፣ 4,000 ዙር የሚሽከረከረው ደግሞ 77 ዲግሪ ይዞራል። ለአንዱ ፍጥነት የተመቸ ቱቦ ለሌላው አይመችም ማለት ነው። ከመጠን በላይ የሰፋ ቱቦ ደግሞ የጭሱን ፍጥነት ቀንሶ፣ በዳገት የምንፈልገውን የዝቅተኛ ዙር ኃይል ይወስድብናል።

ማርሚታ መለወጥ የተወደደው በአሜሪካ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. የ6.4 ሊትር ሞተር ነበረው፤ ይህም የቮልስን 1.6 ሊትር አራት እጥፍ ነው። ያን ያህል ጭስ የሚያወጣ ሞተር በጠባብ ቱቦ ይታፈናል። በቮልስ ላይ ግን አራቱም ሲሊንደሮች የሚተነፍሱት በአንድ ትንሽ ካርቡራተርና በቀጭን የመግቢያ ቱቦ ነው። አፍንጫው ለጠበበ ሯጭ አፉን ብቻ ቢከፍቱለት ትርፉ ጥቂት ነው።

ጉልበት ለሚፈልግ

ከላይ የተባለው ሁሉ ተስተካክሎ ተጨማሪ ጉልበት ለሚፈልግ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የእመቃ ምጣኔን ማሳደግ ነው። አየሩ ሳስቶ ስለሚገባ በእመቃ መጨረሻ ላይ ያለው ግፊትም ዝቅ ያለ ነው፤ በመሆኑም ከ7.5 ወደ 8.5 ከፍ ማድረግ በእኛ ከፍታ ሞተሩን ለማንኳኳት የማጋለጡ ዕድል በባሕር ጠለል ካለው ያነሰ ነው። የኦቶ ዑደት ቀመር ከዚህ 4 በመቶ ያህል ትርፍ እንደሚገኝ ይነግረናል። ሁለተኛው የሲሊንደሩን ስፋት መጨመር ነው። 85.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 90.5 ቢሰፋ 1,584 የነበረው ሲሲ 1,776 ይሆናል፤ ጭማሪው 12 በመቶ ነው። ይህ ግን የሞተሩን አካልና ቴስታታውን በማሽን መቦረሽ ይጠይቃል። ሳይቦረሽ እንዲገባ ተብሎ የሚሸጠው የ88 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ግድግዳው የሳሳ ስለሆነ በሙቀት ቅርጹን የመለወጥ ዝንባሌ አለው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያው የሳሳ አየር ነው። በፋብሪካው ሁኔታ ያለ ሞተር በከፍታ ላይ ጉልበቱም ሙቀቱም አብረው ስለሚቀንሱ ሚዛኑ ብዙም አይናጋም። ጉልበቱን ብቻ ስንመልስ ግን የባሕር ጠለል ሙቀት በሳሳ አየር እንዲቀዘቅዝ እንጠይቃለን። ስለሆነም ጉልበት የሚጨምር ሰው አስቀድሞ የማቀዝቀዣውን ቺንጋ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውንና ብዙዎች «ትርፍ ቆርቆሮ» ብለው አውልቀው የሚጥሏቸውን የሞተር ሽፋኖች ማሟላት አለበት። ቆርቆሮዎቹ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩ ግድግዳዎች ናቸው። ሰፊው ማርሚታ ተራው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሞተሩ ብዙ መተንፈስ ሲጀምር ነው።

ጆሮ ሚዛን አይደለም

«ማርሚታውን ከለወጥኩ ወዲህ መኪናዬ በረታች» የሚል ሰው ይዋሻል አንልም። ድምፁ ሲጨምር ፍጥነቱም የጨመረ ይመስላል፤ ስሜቱ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ስሜት መለኪያ አይሆንም። ተማሪዎቻችን ቀላል ሙከራ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሰው በሌለበት ደልዳላ ሜዳ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ይመዝግቡ። ከነተሳፋሪው 950 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በዚህ ጊዜ የሚያገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 73,000 ጁል ያህል ነው። 6 ሰከንድ ከፈጀ፣ የነፋስና የጎማ ተቃውሞ ሳይታሰብ፣ አማካይ ኃይሉ 12 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። ከለውጡ በኋላ 5.9 ሰከንድ ቢመጣ ልዩነቱ ከእጅ ሰዓት ስሕተት አይበልጥም፤ 5.4 ቢመጣ ግን በእርግጥ ተሻሽሏል።

ጥንቃቄው ለገንዘብ ብቻ አይደለም። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 በሜክሲኮ ተመርታለች። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ዛሬ በጋራዦቻችን የሚቃጠል አንድ ነባር ሞተር ምትኩ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ቮልስ ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ የጭሱን ደኅንነት፣ ቀጥሎ የቤንዚኑንና የእሳቱን ልክ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን፣ ከዚያ እመቃውንና ስፋቱን፣ በመጨረሻም ማርሚታውን። በየደረጃው ለኩ፤ የለካችሁትንም ጻፉ።