ለጤናዋ ብቻ ነው እንዴ?

ውድ አንባቢ፣ በቅድሚያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ባለቤትዎ ወይም ታላቅ እህትዎ ነገ ጠዋት ተነስተው «ከዛሬ ጀምሮ የጀልባ ቀዘፋ ልማር ነው፤ ከተሳካልኝም በመጪው ዓመት እወዳደራለሁ» ቢሉዎ ምን ይመልሱላቸዋል? ይስቃሉ? «ምን ነካሽ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» ይላሉ? እኔ የራሴን መልስ አውቀዋለሁ። ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም ያው መልሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ስነዳ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ዳር የማደርሳቸው አንድ ደንበኛ ነበሩኝ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ስድሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል «ለጤናዎ ነው? ሐኪም አዞዎ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና «ጤናውስ በዚያው ይገኛል፤ እኔ የምሄደው ግን ባለፈው ዓመት የቀደሙንን ሴቶች ዘንድሮ ለመቅደም ነው» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በልቤ ግን «ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ» ብያለሁ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ሐኪሟ የስኳሯ መጠን ከፍ እያለ መምጣቱን ነግሯት ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ለጀማሪዎች የሚሰጥ የቀዘፋ ትምህርት አለ ብላ የመመዝገቢያ ወረቀት ሰጠቻት። ወረቀቱን ይዛ መጥታ ስታሳየኝ «በዚህ ዕድሜሽ? ከፈለግሽ በሠፈሩ ውስጥ በእግርሽ ዞር ዞር በይ፤ ለጤናሽ ያ ይበቃሻል» አልኳት። ዝም አለች። ወረቀቱ በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ አንድ ሳምንት ሰነበተና አንድ ቀን ጠፋ።

ልብ ይበሉ፤ ስፖርት አልከለከልኳትም። እንዲያውም ለጤናዋ የተቆረቆርኩ መስሎኝ ነበር። ተንኮሉ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። እኛ ወንዶች ሴት ልጅ ሰውነቷን እንድታንቀሳቅስ የምንፈቅደው እንደ ኪኒን ነው፤ ሐኪም ሲያዝ፣ ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት፣ ያውም ወጥ ከተሠራ በኋላ። «ደስ ስለሚለኝ ነው»፣ «ማሸነፍ ስለምፈልግ ነው» ያለች ዕለት ግን ግንባራችን ይቋጠራል። እኔ ዛሬ የምሟገተው ይህንን ልማድ ነው፤ ከሳሹም ተከሳሹም እኔው ነኝ።

ለመሆኑ ይህ ቀዘፋ የሚባለው ምንድን ነው? ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲቀዘፍ ያየ ሰው ነገሩ በከፊል ይገባዋል። ይኸኛው የሚለየው ቀዛፊዋ ጀርባዋን ለምትሄድበት አቅጣጫ ሰጥታ መቀመጧ ነው። ወንበሩ በሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። ብዙዎቻችን የክንድ ሥራ ይመስለናል፤ ስሕተት ነው። ጉልበቱ የሚነሳው ከእግር ነው፤ ከዚያ ወገብና ጀርባ ይከተላሉ፤ ክንድ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ትልቁ ጀልባ ስምንት ቀዛፊዎችንና አንዲት መሪ ይይዛል፤ ፊቷን ወደፊት አድርጋ የምትቀመጠው መሪዋ ብቻ ናት። ስምንቱ መቅዘፊያዎች ባንድ ጊዜ ውኃ ውስጥ ገብተው ባንድ ጊዜ መውጣት አለባቸው። አንዷ ብትቀድም ወይም ብትዘገይ ጀልባው ይንገዳገዳል። ከመካከላቸው አንዷ ጠዋት ሳትነሳ ብትቀር ተተኪ እስኪገኝ ሰባቱ ቆመው ይቀራሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን አባባል እዚያ ጀልባ ላይ በዓይን ይታያል።

ወደ ውድድር የሚወስደው መንገድ ደግሞ እኛ እንደምናስበው ገደል አይደለም። ብዙዋ ሴት የምትጀምረው በየጂሙ ጥግ ቆሞ በምናየው የመቅዘፊያ ማሽን ነው። ከዚያ በሰፊና በማይገለበጥ ጀልባ ወይም በልምድ ባላቸው ቀዛፊዎች መካከል ተቀምጣ ትለማመዳለች። ከዚያ በሳምንት ሁለት ሦስት ጠዋት ከክለብ ጋር ትወጣለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ቁጥር ተለጥፎላት መነሻው መስመር ላይ ትሰለፋለች። ምናልባትም መጨረሻ ትወጣለች። ምን አለበት? ሁላችንም ባገራችን ኳስ የጀመርነው እየተሸነፍን ነው።

አሁን ታሪኩን ላጫውትዎ፤ ምክንያቱም «ለሴት አይሆንም» የሚለው ቃል የእኛ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ወንዶች በኦሊምፒክ መቅዘፍ የጀመሩት በ1900 ፓሪስ ላይ ነው። ሴቶች የተፈቀደላቸው ግን ሰባ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው። ያኔም ቢሆን ወንዶቹ 2000 ሜትር ሲቀዝፉ ለሴቶቹ 1000 ሜትር ተመጥኖ ተሰጣቸው፤ ከዚያ በላይ አይችሉም ተብሎ። እኩል 2000 ሜትር የቀዘፉት በ1988 ሴኡል ላይ ነው። የውድድሩ ብዛት ከወንዶቹ ጋር እኩል የሆነው ደግሞ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው። አይችሉም የተባሉት የአሜሪካ ሴቶች በስምንት ቀዛፊ ጀልባ በ2008፣ በ2012 እና በ2016 ተከታትለው ወርቅ ወስደዋል።

ይህንን ማንም ቸር ሰው አልሰጣቸውም። ኧርነስቲን ባየር የተባለችው የፊላደልፊያ ሴት ባሏ በ1928 ኦሊምፒክ የብር ሜዳልያ ያገኘ ቀዛፊ ነበር፤ እሷ ግን ወንዝ ዳር ቆማ መመልከት ነበር ዕጣዋ። ዳር መቆሙ ሲሰለቻት በ1938 ከጓደኞቿ ጋር ሆና የሴቶች ቀዘፋ ክለብ መሠረተች። በ1976 ደግሞ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሴት ቀዛፊዎች መታጠቢያ ስላልነበራቸው፣ ከልምምድ በኋላ በብርድ እርጥብ እንደሆኑ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ወንዶቹ በሙቅ ውኃ ታጥበው እስኪመጡ ይጠብቁ ነበር። አሥራ ዘጠኙ ተሰባስበው፣ በትምህርት ቤት የፆታ አድልዎን የሚከለክለውን የ1972 ሕግ ስም በገላቸው ላይ ጽፈው፣ ከኃላፊዋ ቢሮ ገብተው ልብሳቸውን አወለቁ። የእኛ ሰው ይህንን ሲሰማ «በስመ አብ!» ይላል፤ እኔም ብያለሁ። ግን የሚያሳፍረው የትኛው ነው? የልጆቹ ገላ ነው ወይስ ብርድ ላይ ያስቀመጣቸው ሰው? መሪያቸው ክሪስ ኧርንስት በኋላ በ1986 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። እንጀራዋ ደግሞ ምን እንደነበር ልንገርዎ፤ የቧንቧ ሥራ ነው።

ይህንን ያነሳሁት «ቀዘፋ የሀብታም ነጭ ጨዋታ ነው» የሚል ወዳጅ ስላለኝ ነው። እውነት ለመናገር ነገሩ መሠረት አለው። በታዋቂ ኮሌጆች ውስጥ ያደገ ስፖርት ነው፤ ጀልባውም ውድ ነው። ነገር ግን በክለብ የምትቀዝፍ ሴት ጀልባ አትገዛም፤ የክለቡን ነው የምትቀዝፈው። ነጭ ብቻ ነው ለሚሉት ደግሞ አኒታ ዲፍራንዝን ልጥራላቸው። ይህች ጥቁር ሴት ኮሌጅ እስክትገባ ድረስ ቀዝፋ አታውቅም ነበር። በ1976 ሞንትሪያል ላይ በስምንት ቀዛፊ ጀልባ ነሐስ አገኘች። በ1980 አገሯ ከሞስኮ ኦሊምፒክ ስትቀር የመወዳደር መብቴ ይከበር ብላ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደች፤ ባይፈረድላትም። በ1986 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1997 ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነች።

«ዕድሜዋ አልፏል» የሚለውስ? በዚህ ስፖርት ለጎልማሶች የተለየ የውድድር ዘርፍ አለ። በዓለም አቀፉ ደንብ ከ27 ዓመት ይጀምራል፤ ርቀቱም 1000 ሜትር ነው። ጀልባዎቹ በቀዛፊዎቹ አማካይ ዕድሜ ስለሚመደቡ የስድሳ ዓመት ሴት ከሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ጋር አትጋጠምም። ቦስተን ላይ በቻርልስ ወንዝ ከ1965 ጀምሮ በየኦክቶበር የሚደረገው፣ አምስት ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆነው ታላቅ ውድድር፣ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ለዘለቁ ሴቶችም ቦታ አለው። ዕድሜ አለፈ የሚለው የወንዙ ሕግ አይደለም፤ የሳሎናችን ሕግ ነው።

«ልብሱ ያሳፍራል፣ ሰው ምን ይላል» ለሚሉም አንድ ነገር ላስታውስ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በቁምጣ ስትሮጥ ማን አፈረ? በደስታ አለቀስን እንጂ! ልጅ ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን ስትደግመው፣ በ2009 በሠላሳ ሰባት ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ «ዕድሜዋ አልፏል፣ ለጤናዋ ዞር ዞር ትበል» ያለ አልነበረም። ለካ የምናከብረው የሰው ሚስት ስትሮጥ ነው። የራሳችን ስትሆን «ሴት ምን ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እንተርታለን።

አሁን ወደ ከባዱ መከራከሪያ ልምጣ፤ ጊዜ። ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ ልጅ የምታሳድግ ሴት ከየት አምጥታ ነው ጎህ ሳይቀድ ወንዝ የምትወርደው? ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። ግን ውድ አንባቢ፣ እኛስ ጊዜውን ከየት አመጣነው? በየሳምንቱ እሑድ ሆዳችን ቀድሞን እየሄደ በየሜዳው «የአንጋፎች ቡድን» እያልን ኳስ እናባርራለን። በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ለመገኘት ሥራ ፈቃድ እንወስዳለን፣ ከከተማ ከተማ እንጓዛለን። ማን ነው ያን ጊዜ ልጆቹን የሚይዘው? ማን ነው ምሳውን የሚያዘጋጀው? ጊዜ ጠፍቶ አይደለም፤ የእሷን ጊዜ የወሰድነው እኛ ነን።

አንድ እውነት ግን አልደብቅም፤ ውኃ ቀልድ አይደለም። አብዛኞቻችን ደገኞች ነን፤ መዋኘት አንችልም። ክለቦች ብዙውን ጊዜ መዋኘት የሚችል ሰው ይፈልጋሉ፤ ትክክልም ናቸው። የክረምት ወንዝ ቅዝቃዜ ደግሞ ዋናተኛንም ይገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዋና ይቅደም። ዋሽንግተን ውስጥ ለነዋሪው በነፃ የተከፈቱ የከተማው መዋኛ ገንዳዎች አሉ፤ ስንቶቻችን ገብተንባቸዋል?

ለምን ውድድር ድረስ ልሂድ አልኩ? ለጤና ብቻ የሚደረግ ነገር ዛሬ ቢቀር ነገ ይደረሳል፤ ነገም ይቀራል። ውድድር ግን ቀን አለው፤ ሰባት ሰዎችም ይጠብቁሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት፣ የበሽተኛው አስታማሚ እየተባለች የምትውል ሴት እዚያ ጀልባ ላይ የራሷ ወንበር አላት። ያ ወንበር ያለ እሷ ባዶ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። የምማርበት ሳይሆን የማስተምርበት ክፍል መስኮት ወደ ስፖርት ሜዳው ይከፈት ነበር። ወንዶቹ ኳስ ሲያባርሩ ሴቶቹ የጓደኞቻቸውን ሹራብና ደብተር ታቅፈው ዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር። በየሳምንቱ አየሁ፤ አንድም ቀን «ለምን?» አላልኩም። እነዚያ ልጆች ዛሬ የሠላሳና የአርባ ዓመት ሴቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ምናልባት ይህንን መጽሔት ያነባሉ። ሹራቡን መልሱለት፤ ተነሱ ልላቸው እወዳለሁ።

ባለቤቴን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ወረቀቱን መተካት ቀላል ነበር፤ እምነቷን መመለስ ግን ጥቂት ወራት ፈጅቷል። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ዋና ትማራለች፤ እኔ ታክሲዬን አቁሜ ለልጆቹ ቁርስ እሠራለሁ። የእኔን ፍርፍር አይወዱትም፤ ይልመዱት። መዋኘት ስትችል ወደ ወንዙ ትወርዳለች። የመጀመሪያ ውድድሯን ከሁሉ ኋላ ብትጨርስም ዳር ቆሜ እጠብቃታለሁ። እርስዎም ይምጡ፤ የማጨብጨቡ ተራ የእኛ ነው።