ባዶ ነው የተባለው ሽጉጥ

በዚህ ገጽ ስለ ባልና ሚስት የገንዘብ አያያዝ፣ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ተጨዋውተናል። የዛሬው ርእሴ ግን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። «የመጋቢ ሚስት ስለ ሽጉጥ ምን አገባት?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም የዚያን ቅዳሜ ማታ ባላይ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

እኛ በምናገለግልበት የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ፣ ከተጋቡ ስድስት ዓመት የሆናቸው ባልና ሚስት አሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ሁለቱም ፈቅደውልኛል። ባል በነዳጅ ማደያ ሱቅ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። አንድ ሌሊት ዘራፊዎች ገብተው መሣሪያ ደገኑበትና ያለውን ገንዘብ ጠራርገው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሕጉ የሚጠይቀውን ሁሉ አሟልቶ ሽጉጥ ገዛ። ሚስቱ አልወደደችውም። የባሏን ፍርሃት እያየች ግን ዝም አለች።

በዚያ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። «እትዬ፣ ማንም አልተጎዳም፤ ግን እባካችሁ ቶሎ ድረሱልን» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ስንደርስ ጎረቤት የጠራቸው ፖሊሶች መዝግበው ሲወጡ በር ላይ ተገናኘን። እሷ የሦስት ዓመት ልጇን በፎጣ ጠቅልላ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እሱ የምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ግድግዳውን ያያል። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ ከፕላስቲኩ ያልወጣ አዲስ ሞላም ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች።

ከግድግዳው ወዲያ የልጁ መኝታ ክፍል ነው። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ እንደ አገራችን ብሎኬት ወይም ጭቃ አይደለም፤ በእንጨት ላይ የተመታ የጅብሰም ሰሌዳ ነው። የሽጉጥ ጥይት አንዱን ብቻ ሳይሆን ተከታትለው ያሉትንም በስቶ ሊያልፍ ይችላል። ያቺም ጥይት በልጁ አልጋ ራስጌ አልፋ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተገኘች። አልጋው ባዶ የነበረው እናቱ ገላውን እያጠበችው ስለ ነበር ነው።

ባልየው የሚደጋግመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ባዶ ነበር እኮ! ራሴ ነኝ ባዶ ያደረግሁት።»

ስሕተቱ ከየት መጣ?

አባቶቻችን «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይላሉ። የተደገነበት ባዶ መሆኑን ስለማያውቅ ይፈራል፤ የያዘውም ባዶ መሆኑን ስለሚያውቅ ይፈራል። በዚያ ቤት ግን ባዶ የተባለው ሽጉጥ ማንንም አላስፈራም ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቴ በጉባኤያችን ያሉ አንድ አንጋፋ ወንድም ይዞ ወደዚያ ቤት ሄደ። እኚህ ወንድም አገር ቤት በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ጥገና ክፍል ያገለገሉ፣ እዚህም የመሣሪያ አያያዝ ሥልጠና የሚሰጡ ናቸው። እኔም ከሚስትየው ጋር አጠገባቸው ተቀምጬ የሚሉትን በማስታወሻዬ ጻፍሁ።

መጀመሪያ የጠየቁት፣ «በምን ቅደም ተከተል ነው የሠራኸው?» ብለው ነበር። ወጣቱም፣ «ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቤ ለቀቅሁት፤ ጥይቷ ወጣች። ቀጥሎ ካርታውን አወጣሁ። ከዚያ ለመፍታት ቃታውን ሳብሁ» አላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ልጄ፣ የሚሠራውን ሠርተሃል፤ ግን ገልብጠህ ነው የሠራኸው» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ባለ ሽጉጥ ጥይት የሚገኝበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው በመያዣው ውስጥ የሚገባው፣ ጥይት የሚታጨቅበት ካርታ ነው። ሁለተኛው በበርሜሉ የኋላ ጫፍ፣ አንዲት ጥይት ለመተኮስ ተዘጋጅታ የምትቀመጥበት ማረፊያ ነው። ካርታው ሳይወጣ ላይኛው ብረት ተስቦ ሲለቀቅ በማረፊያው የነበረችው ጥይት ትወጣለች፤ ብረቱ ወደ ፊት ሲመለስ ግን ከካርታው ሌላ ጥይት ያቀባብላል። ከዚያ በኋላ ካርታው ቢወጣ ያቺ ሁለተኛዋ ጥይት አብራው አትወጣም። ሰውየው የወጣውን ካርታና ጠረጴዛው ላይ የወደቀችውን ጥይት አይቶ «ባዶ ነው» ይላል። አንዳንድ ሽጉጦች ደግሞ ለመፍታት አስቀድሞ ቃታ መሳብን ይጠይቃሉ፤ የወጣቱም እንደዚያ ነበር። ስለዚህ ባረቀበት።

ሞላውን መለወጥ በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ሽጉጥ ሲተኮስ ላይኛው ብረት በኃይል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከበርሜሉ ሥር ያለው ሞላ ተጨምቆ ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በሺህ የሚቆጠር ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ሞላው ይደክማል፤ ብረቱም በደንብ አልዘጋ ይላል። እንደ መኪና ፍሬን ሸራ አልቆ የሚለወጥ ዕቃ ነው። መሞረድም መብሳትም የለውም፤ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። አደጋው ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

በማስታወሻዬ የጻፍሁት

አንደኛ፣ ከመሣሪያው በፊት ቤቱን አዘጋጁ። ልጆች በሌላው ወላጅ ወይም በዘመድ እጅ ይሁኑ። ቴሌቪዥንና ስልክ ይዘጉ። ከሌሊት ፈረቃ የመጣና እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ሥራውን ለሌላ ቀን ያቆየው። የምግብ ጠረጴዛም የዚህ ሥራ ቦታ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛ፣ አፈሙዙ የሚያይበትን አቅጣጫ አስቀድማችሁ ወስኑ። ደረቅ አሸዋ የተሞላ ትልቅ ባልዲ ጥሩ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አፈሙዙ ወደዚያ ይመልከት፤ ጣትም ከቃታው ውጭ ይሁን። የአሜሪካ ማሪን መኮንን የነበረውና በ2006 እ.ኤ.አ. ያረፈው ጄፍ ኩፐር በአራት ሕግጋት ካስተማራቸው ውስጥ የመጀመሪያው፣ ማንኛውንም መሣሪያ ጥይት እንዳለበት አድርጎ መያዝ ነው። «ባዶ ነው» የሚል ሰበብ በዚያ ሕግ ቦታ የለውም።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ካርታው ይውጣ። ከዚያ በኋላ ብቻ ላይኛው ብረት ተስቦ ክፍት እንዳለ ይቆለፍ። በደማቅ ብርሃን ማረፊያውን በዓይን እዩ፤ በትንሿ ጣት ዳስሱ። ካርታው የነበረበትንም ቦታ እንዲሁ አድርጉ። ዓይናችሁን ዞር አድርጋችሁ እንደ አዲስ ድገሙት፤ ዓይን ማየት የፈለገውን የሚያይበት ጊዜ አለና።

አራተኛ፣ ጥይቱ ሁሉ ከነካርታው ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ በሩ ይዘጋ። በሥራው ቦታ አንዲትም ጥይት አትቅር። መሣሪያው ከእጅ ተለይቶ ከነበረ ደግሞ ምርመራው ከሀ ይጀመር።

አምስተኛ፣ ሁለተኛ ሰው ይመልከት። የትዳር ጓደኛ ቀርቦ ራሱ አይቶ «አይቻለሁ፣ ባዶ ነው» ብሎ ድምፁን አውጥቶ ይናገር። ከዚህ በፊት መፍታት አይጀመርም።

ስድስተኛ፣ አፈታቱ የፋብሪካው መመሪያ እንደሚለው ብቻ ይሁን። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ እንደ ቀድሞው ኮልት 1911 ባሉ ሽጉጦች ሞላው ታፍኖ ስለሚቀመጥ ሲለቀቅ ወደ ፊት ሊፈናጠር ይችላል። አዲሱን ሞላ ከመግጠማችሁ በፊት ከአሮጌው ጎን አስተያዩት። ስሙ አንድ የሆነ ሽጉጥ ሁሉ አንድ ዓይነት ሞላ አይወስድም። ለምሳሌ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው ትውልድ ግሎክ 17 ድርብ ሞላ ሲኖረው የሦስተኛው ትውልድ ነጠላ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ሰባተኛ፣ ከተገጠመ በኋላ ብረቱ ያለ ችግር ሄዶ ሙሉ በሙሉ መመለሱን በባዶው ፈትሹ። ለመፈተሽ ብላችሁ ቤት ውስጥ እውነተኛ ጥይት አታስገቡ፤ ለዚህ የሚሆን ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ይሸጣል። የመጀመሪያው ተኩስ በመተኮሻ ሜዳ ይሁን።

ስምንተኛውን አንጋፋው ወንድም ሁለት ጊዜ ነው የነገሩን። ሥራው ሲያልቅ «አልቋል» በሉና መሣሪያውን ወዲያው በካዝና ቆልፉበት። ብዙ ጊዜ የሚባርቀው ሰው ሥራውን ጨርሶ ጥይት ከመለሰ በኋላ «እስቲ አንዴ ልየው» ብሎ ቃታውን ሲስብ ነው።

በመጨረሻም እጅ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ የሥራው ልብስም ይለወጥ። የተተኮሰበት መሣሪያ ላይ የሚቀረው ጥላሸት እርሳስ አለበት፤ እርሳስ ደግሞ ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ ነው። የምግብ ጠረጴዛውን የከለከልሁት ለዚህ ነው።

በቤት የማይነኩም አሉ። ቃታውን፣ የጥይቱን መቀስቀሻ የሚመታውን መርፌና የመጠበቂያ ክፍሎችን የሚመለከት ሥራ ለሠለጠነ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ይተው። አንዳንድ ወጣቶች በኢንተርኔት የሚያዩት፣ ቃታው አንዴ ሲሳብ ጥይት የሚያርከፈክፍ ትንሽ ዕቃ ደግሞ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ አስጠንቅቁም።

ለባልና ለሚስት

ሚስትየዋ ያን ቀን አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «እኔ ይህን ነገር በቤቴ አልፈልገውም። አሁን ቆሜ ባየው የተስማማሁ አያስመስልብኝም?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ባለቤቴም፣ «መስማማትሽንና አለመስማማትሽን ከባልሽ ጋር ተነጋግራችሁ ትጨርሳላችሁ። እስከዚያ ግን ዕቃው በቤታችሁ አለ፤ ልጃችሁም አለ» ብሎ መለሰላት።

ከዚያ ባልየው ያልጠበቅነውን ተናገረ። በዚያ ማታ ሞላውን ሊለውጥ የተጣደፈው እሷ ከመታጠቢያ ቤት ሳትወጣ ለመጨረስ ነበር። ጭቅጭቁን ፈርቶ ሲደበቅ ቸኮለ፤ ሲቸኩል ቅደም ተከተሉን ገለበጠ። እሷም ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «እኔን ፈርተህ ልጄን ልትገድልብኝ ነበር» አለችው። ሁላችንም ዝም አልን።

እኅቶቼ፣ በቤታችን ሽጉጥ ስላለ ደስ ሊለን አይገባም፤ የማንፈልገውን አንፈልግም ማለት መብታችን ነው። ነገር ግን ባላችን ከእኛ ተደብቆ የሚነካው እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ወንድሞቼ፣ እናንተም ሚስታችሁ ስትጠይቅ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አትበሉ። ካርታ መውጣቱንና ማረፊያው ባዶ መሆኑን ለማየት ወታደር መሆን አያስፈልግም፤ እኔም በአንድ ከሰዓት ተምሬዋለሁ።

በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 549 ሰዎች ሳይታሰብ በባረቀ መሣሪያ ሞተዋል። በዚያው ዓመት በጦር መሣሪያ የገዛ ሕይወታቸውን ያጠፉት ደግሞ 26,328 ናቸው። ስለዚህ መቆለፉ ለሕፃናት ብቻ አይደለም። በቤታችሁ በከባድ ሐዘን ወይም በጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ካለ፣ ነገሩ እስኪያልፍ መሣሪያው በሕጋዊ መንገድ ከቤት ይውጣ። ይህን ለመጋቢያችሁ ወይም ለምታምኑት ሰው ለመንገር አትፈሩ።

ዘዳግም 22፥8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከለያ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በዚያ ቤት ላይ እንዳይሆን። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ክፍል እንደ ቀላል ሕግ አልፌው ነበር። አሁን ሳነበው ግን ያቺ የግድግዳ ቀዳዳ ትታየኛለች። ባለቤቱ ክፉ ሰው ነው አልተባለም፤ «ማንም አይወድቅም» ብሎ መከለያውን እንዳይተው ነው የታዘዘው።

እነዚያ ባልና ሚስት ሽጉጡን እስካሁን አላስወጡም፤ ንግግራቸውም አላለቀም። ካዝና ገዝተዋል፤ ያለ ሁለቱ መገኘት አይከፈትም። በሚቀጥለው ወር ሞላውን ሲለውጡ ልጃቸው እኛ ቤት ዋለ። እሷም አብራው ቆማ አየች፣ ዳሰሰች፣ «ባዶ ነው» አለች። ቀዳዳውን ግን እንዳይደፈን ከልክላለች። «ትንሽ ይቆይ» ትላለች።

እስከሚቀጥለው እትም ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።