ከእናት ደም የሚነበብ ማስጠንቀቂያ

ዐረፋ ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚሄዱ መኪናዎች ጢም ብለው ይሞላሉ። ዓመቱን ሙሉ በንግድ ተበታትኖ የከረመው ቤተሰብ የሚሰባሰብበት፣ አባትና እናት የሚጠየቁበት ሰሞን ነው። በዚህ ግርግር መሐል አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር አለች እንበል። የመጀመሪያ ልጇ ነው። እግሯ አብጧል፤ «መንገዱ ነው» ይሏታል። ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ ብሏል፤ «ማሻአላህ፣ ወፍረሻል» ይሏታል። ራሷን ይፈልጣታል፤ «የምድጃው ጢስ ነው» ይሏታል። ሦስቱም አባባል እውነት ሊሆን ይችላል። በአራተኛው ቀን ዓይኗ ብዥ ብሎባት፣ ወድቃ መንዘፍዘፍ ስትጀምር ግን ከቤቱ ሰው ገሚሱ ስለ ጂን፣ ገሚሱ ስለ ቡዳ ያወራል። ውዱ ሰዓት የሚባክነውም ያን ጊዜ ነው።

የዚህች እህት ሕመም ፕሪኢክላምፕሲያ ይባላል። መንዘፍዘፉ ሲጨመርበት ደግሞ ኢክላምፕሲያ ይሆናል። ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140 በ90 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፣ ከዚያም ጋር ፕሮቲን በሽንት ሲወጣ ወይም ኩላሊት፣ ጉበት፣ ደም፣ አንጎል ሲታወክ ሐኪሞች በዚህ ስም ይጠሩታል። በዓለም ላይ ከመቶ እርግዝና ከ2 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስ ይገመታል። በሽታው ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳምምም፤ ተንኮሉም ይህ ነው።

መነሻው የእንግዴ ልጅ ነው። በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት የእናቲቱን ደም ወደ እንግዴ ልጅ የሚያደርሱት የደም ሥሮች መስፋት ሲገባቸው ጠባብ ሆነው ይቀራሉ። ደም ያነሰው እንግዴ ልጅ ኤስ.ኤፍ.ኤል.ቲ-1 የተባለ ፕሮቲን ከልክ በላይ ወደ እናቲቱ ደም ይለቃል። በጤናማ እርግዝና የደም ሥሮችን ለስላሳና ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ስሙም ፒ.ኤል.ጂ.ኤፍ ነው። የመጀመሪያው ይህን ሁለተኛውን እየያዘ ሥራ ያስፈታዋል። በዚህም ሳቢያ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ኩላሊትም ፕሮቲን ማፍሰስ ይጀምራል።

ይህ የታወቀው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ቦስተን ተመራማሪዎች ኤስ.ኤፍ.ኤል.ቲ-1ን ለእርጉዝ አይጦች ሰጥተው የአይጦቹ ግፊት ሲጨምር፣ በሽንታቸውም ፕሮቲን ሲወጣ አዩ። በ2004 ደግሞ ይኸው ፕሮቲን ሕመሙ ከመታየቱ 5 ሳምንት ያህል አስቀድሞ በእናቶች ደም ውስጥ መብዛት እንደሚጀምር ተገለጸ። አምስት ሳምንት! ሱብሓነላህ፣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ይህ ምን ያህል ሰፊ ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱን ፕሮቲኖች ንጽጽር የሚለካ የደም ምርመራ ተሠራ። በ2016 በወጣ ጥናት፣ ተጠርጥረው ከተመረመሩ እናቶች መካከል ውጤታቸው 38 እና ከዚያ በታች ከሆነው ከመቶ 99ኙ በሚቀጥለው ሳምንት ውስጥ በሽታው አልያዛቸውም። ከ38 በላይ ሲሆን ግን ነገሩ ያን ያህል ቁርጥ አይደለም፤ በአራት ሳምንት ውስጥ የታመሙት ከመቶ 37 ገደማ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ምርመራው «ትታመሚያለሽ» ከማለት ይልቅ «ለጊዜው አትስጊ» ለማለት ይበልጥ ይታመናል። የአሜሪካ መንግሥትም በ2023 በሆስፒታል ተኝተው ለሚታከሙ ነፍሰ ጡሮች እንዲውል ፈቅዶታል።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ለወልቂጤና ለቡታጅራ እናት ምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ አልቀየምም። ምርመራው ውድ መሣሪያ ስለሚፈልግ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚገኝ አይደለም። በእኔ አስተያየት ግን አዲሱን እየተመኙ በእጅ ያለውን መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው። በሆስፒታል ከክንድ በሚወሰድ ጥቂት ደም ፕሌትሌት ይቆጠራል፤ የኩላሊትና የጉበት ሁኔታም ይታያል። ደምን የሚያረጋው ፕሌትሌት ከ100,000 በታች ከወረደ ሕመሙ እንደ ከበደ ይቆጠራል። እነዚህ ምርመራዎች ወደፊት የሚመጣውን አይተነብዩም፤ የትኛው የሰውነት ክፍል እየተጎዳ እንደሆነ ግን ይናገራሉ። ከእነሱም በፊት የግፊት መለኪያና የሽንት ምርመራ አሉ። መለኪያውን ክንድ ላይ አስሮ ለማንበብ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

የሚያሳዝነው ብዙዎቻችን ዘግይተን መሄዳችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ እናቶች 74 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ የእርግዝና ክትትል አድርገዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ግን 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ቀድሞ መሄድ የሚጠቅመው ለመመዝገብ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ይህ ሕመም የነበረባት፣ መንታ ያረገዘች፣ ስኳር፣ ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት እናት አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን በሐኪም ትእዛዝ በጊዜ ብትጀምር አደጋው ይቀንስላታል። በ2017 በታተመ ጥናት፣ ያለ ጊዜው መውለድን የሚያስከትለው ፕሪኢክላምፕሲያ አስፕሪኑን ካልወሰዱት ከመቶ 4.3 በሚሆኑት ላይ ሲታይ፣ ከወሰዱት ግን በ1.6 ላይ ብቻ ታይቷል። አደራ፣ ከሱቅ ገዝታችሁ በራሳችሁ እንዳትጀምሩ።

ወደዚያች እህት እንመለስ። እኛ ሙስሊሞች በጂን መኖር እናምናለን። ሆኖም የምትንዘፈዘፍ ነፍሰ ጡር በመጀመሪያ የሐኪም ናት። በጎኗ አስተኝቷት፣ በአፏ ምንም ሳታስገቡ፣ አምቡላንስ ጥሩ። ቁርኣኑ በመንገድም ይቀራላታል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ያዘዙ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ማግኒዢየም ሰልፌት የተባለው መርፌ የመንዘፍዘፍን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ10,000 በላይ እናቶች በተሳተፉበት ጥናት ተረጋግጧል። የበሽታው መቋጫ ግን መውለድ ነው፤ መቼ መሆን እንዳለበት የሚወስኑት ሐኪሞች ናቸው።

ከወለደችም በኋላ ቢሆን «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» ብላችሁ ፈጽሞ አትዘናጉ። ሕመሙ በአራስነት ጊዜም ሊነሣ ይችላል። አራሷ ገንፎዋን ትታ ራሴን፣ ዓይኔን፣ ከጎድኔ ሥር ካለች ግፊቷ ይለካ።

ባሎችና አማቶች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዳንዱ «ሴት ሐኪም እስክትገኝ» እያለ ያቆያታል። ሴት ሐኪም ካለች መልካም፤ ከሌለች ግን በችግር ጊዜ ወንድ ሐኪም እንዲያያት ሸሪዓው ይፈቅዳል። በረመዷን ለምርመራ ደም መስጠት ጾም ያበላሻል ወይ ለሚለውም ጥያቄ፣ በርካታ የዘመናችን ዑለማእ ጥቂት ደም መቀዳት ጾምን እንደማያፈርስ ተናግረዋል። ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለፅንሷ ከፈራች ማፍጠር ይፈቀድላታል፤ ቀዷውን በተመለከተ የምታምነውን ዓሊም ትጠይቅ። ወላሁ አዕለም።