መራጩ ሌላ፣ ወዳቂው ሌላ

እኔ ሰሞኑን ታማሚ ልጠይቅ ሽንዲ ነበርኩ፡፡ ሽንዲ የት ናት ለምትሉ የቦሌና የፒያሳ ልጆች፣ ፍኖተ ሰላምን አልፋችሁ ቡሬ ስትደርሱ የባሕር ዳሩን አስፋልት ትታችሁ ወደ ወምበርማ ትታጠፋላችሁ፡፡ የወምበርማ ወረዳ ከተማ ናት፡፡ (ካርታ ላይ ካጣችኋት ጥፋቱ የካርታው ነው፡፡)

ከጎጃም የተመለሰ ሰው መቼም ስለ ማርና ስለ ቅቤ ያወራል ተብሎ ይጠበቃል፡፡ እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ሞተር ጎማ ነው፡፡ አትሳቁ፡፡ የጠየቅኩት ታማሚ የአክስቴ ልጅ ነው፤ እጁን የሰበረውም ጎማ ነው፡፡

የአክስቴ ልጅ ሽንዲና አካባቢዋ በሞተር ሰው ያመላልሳል፤ ያመላልስ ነበር ልበል፡፡ ሞተሩ ሁላችሁም የምታውቁት 150 ሲሲ የሕንድ ሞተር ነው፡፡ ታንከሩ ላይ ግን በደማቅ ቀይ «አር ዋን» ተብሎ ተለጥፎበታል፡፡ ያማሃ አር ዋን 1000 ሲሲ ገደማ ሞተር ያለው፣ 200 የፈረስ ጉልበት አካባቢ የሚያወጣ አውሬ ነው፡፡ ይሁን፣ ስም ማውጣት በነፃ ነው፡፡ በሰኔ ለእረፍት ሄጄ ሳየው ያስደነገጠኝ ከታች ያለው ነበር፡፡ የኋላ ጎማው ለቸርኬው የማይመጥን ወፍራም፣ መሐሉ ሙልጭ ያለ፡፡ የፊተኛው ደግሞ ከዕድሜ ብዛት የተሰነጣጠቀ፡፡

«አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ ሊሾ ሆኗል!» አልኩት፡፡

«ሊሾ ሳይሆን ስፖርት ነው፡፡ ሞቶ ጂፒ ላይ ጥርስ ያለው ጎማ አይተህ ታውቃለህ?»

እውነቱን ለመናገር አፌን ያዘኝ፡፡ አይቼ አላውቅማ! በኋላ አዲስ አበባ ስመለስ ይህንኑ ክርክር ሞተር ከሚነዱ ጓደኞቼ አፍ ቃል በቃል ሰማሁት፡፡ «ጥርስ ሲቀንስ መሬት የሚነካው ጎማ ይበዛል፣ ስለዚህ የበለጠ ይይዛል፡፡» በሳይንስ የተቀባ ድንቁርና ከተራው ድንቁርና ይከፋል፤ ሰው በኩራት ይዞት ይዞራልና፡፡

እስቲ ግማሿን እውነት እንመርምራት፡፡ የእሽቅድምድም ጎማ ጥርስ የለውም፤ ልክ ነው፡፡ ከ2016 እስከ 2026 እ.ኤ.አ. የሞቶ ጂፒን ጎማ ለማቅረብ ብቸኛ ውል የያዘው ሚሽላን የሚያመጣው የደረቅ ቀን ጎማ ለስላሳ ነው፡፡ ነገር ግን ያ ጎማ ከመነሳቱ በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከ80 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፡፡ ጎማው ሲሞቅ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፡፡ ዕድሜው የአንድ ውድድር ያህል ነው፣ 45 ደቂቃ ቢሆን ነው፡፡ ከዚያ ይጣላል፡፡ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እነዚያ የዓለም ጀግኖች «እኛ ስፖርት ነን» ብለው ወደፊት አይሉም፡፡ ወደ ጥጋቸው ገብተው ጥልቅ ጥርስ ያለው የዝናብ ጎማ የተገጠመለት ሁለተኛ ሞተር ላይ ዘልለው ይወጣሉ፡፡ የአክስቴ ልጅ ይህችን ክፍል አላያትም፤ ወይ ዲሹ ተበላሽቶበት ነበር፡፡

የእሱ ጎማ ከሞቶ ጂፒው ጋር የሚጋራው ጥርስ ማጣትን ብቻ ነው፡፡ ሕፃንም ሽማግሌም ጥርስ የላቸውም፤ አንድ ግን አይደሉም፡፡ በሥራ ብዛት የተላጠ ጎማ ፀሐይ አድርቆታል፣ ላስቲኩ ጠንክሯል፣ ሲነካም ቀጥኗል፡፡ የጎማ ጥርስ ዋና ሥራው ደግሞ ከሥሩ ለሚገባው ውኃ መውጫ ቦይ መሆን ነው፡፡ ቦዩ ሲደፈን ጎማው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፡፡ አንድ የሞተር ጎማ በአንድ ጊዜ መሬት የሚነካው ከመዳፋችሁ ባልበለጠ ስፋት ነው፡፡ በመዳፍ ላይ ሁለት ሰው፣ አንዳንዴም ሦስት!

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ እውነተኛ ስፖርት ሞተር ወዳላችሁ የአዲስ አበባ ልጆች፡፡ ከአክስቴ ልጅ የተሻላችሁ እንዳይመስላችሁ፡፡ ጎማችሁ ጎን ላይ «180/55 ዚአር 17» የሚል ተጽፏል፡፡ 180 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 55 ቁመቱ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፡፡ ዚ የምትለዋ ፊደል ጎማው በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ይችላል ማለት ነው፡፡ ጉድ እኮ ነው፤ ከሳሪስ እስከ ሜክሲኮ በእግር የሚሄድ ሰው በሚቀድማችሁ ከተማ ውስጥ!

ፍጥነት የሚችል ጎማ መግዛታችሁን አልቃወምም፤ ሞተሩ የሚጠይቀው ስለሆነ ከዚያ በታች ልትወርዱም አይገባም፡፡ የምቃወመው ለሜዳ ውድድር የተሠራውን፣ ጥርሱ ለስም ያህል የተጫረበትን ጎማ ለጎዳና መምረጥን ነው፡፡ ያ ጎማ ካልሞቀ አይሠራም፡፡ የአዲስ አበባ የኅዳር ጠዋት፣ ትራፊክ መብራት ላይ አምስት አምስት ደቂቃ እየቆማችሁ በምን ተአምር ይሞቃል? ለጎዳና የተሠራ ጥሩ የስፖርት ጎማ አለላችሁ፤ መሐሉ ጠንከር ያለ ላስቲክ፣ ለመታጠፊያ የምታጋድሉበት ጎንና ጎኑ ለስላሳ የሆነ፣ በቅዝቃዜም በዝናብም የሚይዝ፡፡ ፎቶ ላይ ብዙም አያምርም፡፡ አደባባይ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ከመጀመሪያው የበልግ ካፊያ ጋር ሲቀላቀል ግን ፎቶ አንሺ አይኖርም፡፡

አሁንም ወደ ሽንዲ፡፡ ስለ ወፍራሙ ጎማ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው፡፡ እነዚህ የሥራ ሞተሮች በብዛት ከፊት 2.75-17፣ ከኋላ 3.00-17 ጎማ ያደርጋሉ፡፡ ቸርኬው ለዚያ ተሰፍቷል፡፡ በጠባብ ቸርኬ ላይ ወፍራም ጎማ ስትጭን ጎንና ጎኑ ተጨምቆ መሐሉ እንደ እንቁላል ጫፍ ያብጣል፡፡ ስለዚህ መሬት የሚነካው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ሞተሩ መሪው ይከብዳል፤ ጎማው ሰንሰለት ይነካል፡፡ ለዚህ ደግሞ የበለጠ ተከፍሎበታል!

ነሐሴ ላይ የሆነው ይህ ነው፡፡ አንዲት እናት ለቅሶ ልድረስ ብለው ከሽንዲ ወደ አንዱ ቀበሌ ተሳፈሩ፡፡ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፡፡ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ነካ አደረገ፤ የተሰነጣጠቀው የፊት ጎማ ጭቃው ላይ እንደ ቅቤ ሄደ፡፡ እሱ እጁን፣ እሳቸው እግራቸውን፡፡ ለቅሶ ሊደርሱ የወጡት እናት ጠያቂ የሚጎርፍባቸው ታማሚ ሆኑ፤ ወጌሻውም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይመላለስ ጀመር፡፡

ልብ በሉ፣ የጣላቸው የፊተኛው ነው፡፡ ሁሉም ሰው የኋላውን ጎማ ያያል፣ የኋላውን ይቀይራል፤ ምክንያቱም ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው፡፡ ፍሬን ሲያዝ ግን ክብደቱ ሁሉ ወደፊት ይሄዳል፤ ከማቆሙ ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊቱ ነው፡፡ የኋላው ሲያንሸራትት እግርህን አውርደህ ልትተርፍ ትችላለህ፡፡ የፊቱ ሲያንሸራትት «እማ…» ብለህ አትጨርስም፡፡

እስካሁን የአክስቴን ልጅ ስወቅስ ከረምኩ፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጬም ልቀጥል ነበር፡፡ «ለምን የፊቱን አልቀየርክም?» አልኩት፡፡ «ሞተሩ የኔ ነው እንዴ?» አለኝ፡፡

ለካ አይደለም፡፡ ሞተሩ የአንድ የከተማው ሰው ነው፡፡ ልጁ በየቀኑ ማታ የተቆረጠች ገቢ ያስረክባል፤ ከዚያ የተረፈችው የሱ ናት፡፡ ጎማ የሚገዛው ባለንብረቱ ነው፡፡ ባለንብረቱ ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፤ «የቱ ነው የማያልቀው?» ሻጩም በደስታ ያወጣለታል፡፡ የማያልቅ ጎማ ማለት ላስቲኩ ደረቅ የሆነ ጎማ ነው፤ ደረቅ ላስቲክ ደግሞ እርጥብ መንገድ አይዝም፡፡ በዚህ ላይ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ዋጋው ንሯል፤ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቆየው ግጭትም መንገዱን በየጊዜው ይዘጋዋል፡፡ ስለዚህ ባለንብረቱ «ይቆይ፣ ገና ይሠራል» ይላል፡፡ ወፍራሙን የኋላ ጎማ ራሱ ልጁ ከኪሱ የገዛው ነው፤ ምክንያቱም የቀድሞው ፈንድቶበት ባለንብረቱ «ሳምንት ጠብቅ» ሲለው የሳምንት እንጀራውን መጠበቅ ስላልቻለ፣ አንድ ሰው ያገለገለ ሸጠለት፡፡ «ስፖርት ነው» ያለውም ያው ሻጭ ነው፡፡ ልጁ ቅጥፈቷን አምኖ ሳይሆን አጊጦባት ነው የሚዞረው፤ ለድህነት ማሊያ ሲያለብሳት!

እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት፡፡ የስፖርት ሞተር ነጂ ጎማውን ራሱ ይመርጣል፣ በመረጠው ላይ ራሱ ይወድቃል፡፡ ሞኝ ከሆነም የገዛ ራሱ ሞኝ ነው፡፡ የኛ የሥራ ሞተር ላይ ግን መራጩ ሌላ፣ ወዳቂው ሌላ፤ ከኋላ የተቀመጡት እናት ደግሞ ጭራሽ የሚጠይቃቸው የለም፡፡ ትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሄልሜት ይጠይቃል፤ ጎንበስ ብሎ ጎማ ሲያይ ግን እኔ አልገጠመኝም፡፡ አዲስ አበባም ብትሆን ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክልን (ከተወሰኑት በቀር) ስታግድ ያሳሰባት ቅሚያው ነበር፡፡ ያም መልካም፡፡ ሞተር ቦርሳ ሲቀማ መንግሥት ያየዋል፤ እግር ሲቀማ ግን የእግዜር ቁጣ ይባላል፡፡

«ድሃ አገር ነን፣ ጎማ ውድ ነው» የምትሉኝን እሰማለሁ፡፡ ታዲያ ትክክለኛው ልክ እኮ ርካሹ ነው! በየሱቁ የሞላው 2.75 እና 3.00 ነው፡፡ ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብም አያስከፍልም፡፡ «ዶት» ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 1419 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም መጋዘን ውስጥ አርጅቷል፡፡ ከጎማው ጥርስ መሐል ደግሞ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ አልቆ ከጉብታዎቹ እኩል ሲሆን ጎማው አበቃ፡፡ ለጭቃ የሚሄድ ጥርሱ ጠለቅና ራቅ ራቅ ያለውን ይግዛ፤ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቅበታል፣ ይንቀጠቀጥበታልም፤ ምንም የማያስከፍል ምርጫ የለም፡፡ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም አስፋልት ለአስፋልት የሚመላለስ ደግሞ ጠጋ ጠጋ ያለው ይበቃዋል፡፡ ንፋስም ይለካ! ለብቻና ሰው ሲጫን የተለያየ መሆኑ የሞተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ማን ያነበዋል እንጂ፡፡

ከመመለሴ በፊት ገበያው ጫፍ ካሉት ጎሚስታ ጋር ቁጭ ብዬ ነበር፡፡ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ጎማ ሲመጣልዎት ለምን ዝም ይላሉ?» አልኳቸው፡፡ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከሩ አረፋ ይፈልጋሉ፡፡

«ዝም አልልም ልጄ፡፡ ለልጁ እነግረዋለሁ፤ ልጁ ለጌትዬው ይነግረዋል፤ ጌትዬው ‹ለጥፍለት በለው› ይላል፡፡ እለጥፋለሁ፡፡»

ይህን እያወራን አንድ ሞተር ንፋስ ሊሞላ መጥቶ ቆመ፡፡ ታንከሩ ላይ «አር ዋን» የሚለው ቀይ ጽሑፍ አዲስ ተለጥፎበታል፡፡ ነጂው የማላውቀው ልጅ ነው፤ ቢበዛ 18 ቢሆነው፡፡ ጎንበስ ብዬ የፊቱን ጎማ አየሁት፡፡ ያው ነው፡፡