«ቋ!» ያለው ዲስክህ አይደለም

ኮንዶሚኒየማችን ውኃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። ልደታ የምትኖሩ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዤ ወደ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ሦስተኛው ላይ ወገቤ ተያዘ። «ተያዘ» የሚለው ቃል እንዴት ልክ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። አንድ ሰው ከኋላዬ ቀበቶዬን ጨብጦ «ወዴት ነው?» ያለኝ መሰለኝ። ጄሪካኑን እንዳቀፍኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ጎረቤት ሲደርስልህ ምክሩንም ይዞ ነው። ከታች ፎቅ ያሉት እማማ «ልጄ፣ ኪኒን ከመዋጥህ በፊት የሚያሽ ሰው ላሳይህ» አሉኝ። የጥበቃው ልጅ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው የታካሚ ወገብ ሲያጠማዝዝ፣ ታካሚው ሲጮኽ፣ ከዚያ ተነስቶ ሲስቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተልኝ። ቪዲዮው አሸነፈኝ። ጋዜጠኛ ነኝ ባዩን!

የሄድኩበትን ቤት አልጠራም። ነገሬ ከአንድ ሰው ጋር አይደለም፤ እንደሱ ያለው ብዙ ነው። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አከርካሪ፣ ግድግዳው ላይ የነርቭ ሥዕል አለ። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» በጎኔ አስተኛኝ፤ ትከሻዬን ወደ ኋላ ይዞ ዳሌዬን ወደ ፊት ገፋው። ቋ!

«ሰማኸው? ዲስክህ ወጥቶ ነበር፤ አስገባሁልህ። እንዲጸና ግን አሥር ጊዜ ትመላለሳለህ።»

አንዱ 800 ብር፣ አሥሩ 8,000 ብር። ቅድሚያ ክፍያ፣ በቴሌብር፣ ያለ ደረሰኝ። ከፈልኩ። እውነቱን ለመናገር ስነሳ ቀሎኝ ነበር።

ጠቤ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ቅለቱ እውነት ነበር። የተሰጠኝ ማብራሪያ ግን ውሸት ነው። 8,000 ብሩን ያስከፈለኝ ደግሞ ቅለቱ ሳይሆን ማብራሪያው ነው።

ዲስክ የሚባለው በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ፣ ከላይም ከታችም ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ፣ ዙሪያው ጠንካራ መሐሉ ለስላሳ የሆነ ትራስ ነው። እንደ መሳቢያ አይወጣም፣ እንደ መሳቢያም አይገባም። ሲጎዳ ወደ ውጭ ይወጠራል፤ ሲብስ ዙሪያው ተቀዶ መሐሉ ያፈተልክና ነርቭ ይጫናል። ያን ጊዜም ቢሆን ከቆዳና ከጡንቻ በላይ ሆኖ የሚገፋ እጅ መልሶ አይከተውም። ያፈተለከው ክፍል በብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ በራሱ ጊዜ እየሟሸሸ ይሄዳል።

ድምፁስ? ጣታችሁን ስታንቋቁ የምትሰሙት ነው። መገጣጠሚያ ድንገት ሲሳብ በውስጡ ባለው ፈሳሽ ላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ጋዝ አረፋ ይሠራል። በቃ። ጣቱን አንቋቅቶ «አጥንቴን አስገባሁ» ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

«ኤምአርአይ ላይ ግን በግልጽ ታይቷል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ ትንተና ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ተመልክቶ ነበር። ከ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን 84 በመቶው የተወጠረ ዲስክ ነበራቸው፣ ሳያማቸው። እንደ ሽበት ቁጠሩት። ምስሉ ላይ የታየ ነገር ሁሉ የሕመሙ ምክንያት አይደለም፤ ከሕክምናው በኋላም ምስሉ ያው ሆኖ ሕመሙ ሊጠፋ ይችላል።

ታዲያ ለምን ቀለለኝ? የተኮማተረ ጡንቻ ሲታሽና ሲሳሳብ ይላላል። ነርቭ የሕመሙን ጩኸት ለጊዜው ይቀንሳል። «ሽባ ልሆን ነው» የሚለው ፍርሃት ይበርዳል፤ ፍርሃት ደግሞ ራሱ ወገብን ይይዛል። ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ አለ። ድንገት የሚይዝ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል፣ ብትታሹም ባትታሹም። አሥር ቀጠሮ ደግሞ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ቁጠሩት።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ «ኦስቲዮፓት ጋ ሄድኩ» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ኦስቲዮፓቲ በእጅ ጡንቻና መገጣጠሚያን እየዳሰሰ፣ እያሸና እያንቀሳቀሰ የሚያክም ሙያ ነው። መሥራቹ አሜሪካዊው አንድሪው ቴይለር ስቲል እ.ኤ.አ. በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር ያጣ ሰው ነው። በዘመኑ መድኃኒት ተስፋ ቆርጦ ወደ እጁ ዞረ። ትምህርት ቤቱን በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ከመክፈቱ በፊት ራሱን «መብረቅ ወጌሻ» እያለ ያስተዋውቅ ነበር። አዎ፣ ወጌሻ! ከቦታው የተዛባ አጥንት የበሽታ ሁሉ ሥር ነው የሚለው እምነቱን ሳይንስ አልተቀበለውም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩት መድኃኒት የሚያዙ፣ ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሙሉ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ እንግሊዝ ውስጥ ያሉት በእጅ ብቻ የሚያክሙ ናቸው።

ይህን ሙያ ፈረንሳዮች ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት 400 የወገብ ታማሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ስድስት ጊዜ እውነተኛውን ሕክምና፣ ግማሾቹ ስድስት ጊዜ የማስመሰል ንክኪ አገኙ። ከሦስት ወር በኋላ ሕመሙ ከዕለት ሥራ ምን ያህል እንደሚያግዳቸው በ100 ነጥብ ሲለካ ልዩነቱ 3 ነጥብ ተኩል ገደማ ነበር። አለ፣ ግን ትንሽ ነው፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው ታካሚው የሚያስተውለው ያህል ላይሆን ይችላል ብለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ማሸትንና አከርካሪን በእጅ ማንቀሳቀስን ከሚጠቅሙት ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ብቻቸውን ግን አይደለም፣ ከእንቅስቃሴና ከትምህርት ጋር። በገመድ መጎተትንና የወገብ ቀበቶን አትጠቀሙ ብሏል። (ቀበቶውን ለገዛችሁ አዝናለሁ። እኔም ገዝቻለሁ።)

ስለዚህ እጅ ይጠቅማል። በመጠኑ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ እንድትንቀሳቀስ ፋታ የሚሰጥ ጥቅም ነው። ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ 800 ብሬን በደስታ እከፍላለሁ። የሚሸጥልን ግን ማስታገሻ ሳይሆን ጥገና ነው፤ «ገባ» ይሉናል። የገባ ነገር ደግሞ ይወጣል፤ ሲወጣ ተመልሰን እንሄዳለን። ጎንበስ ማለት እየፈራን፣ ልጃችንን ማንሳት እየፈራን፣ ወገባችን እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ እየመሰለን እንኖራለን።

ከገንዘቡ የሚብሰው ሌላ ነው። ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ የሚኖር አንድ ልጅ ስሙን ሳልጠራ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። አራት ወር ታሽቷል። «ዲስክ ነው» ነበር የሚባለው። በነዚያ ወራት ሌሊት ሌሊት ያልበዋል፣ ሱሪው ሰፍቶታል፣ ሕመሙ ሲተኛም አይለቀውም። የጠየቀው ሰው አልነበረም፣ እሱም ከወገብ ጋር ይገናኛል ብሎ አላሰበም። ደረጃ ላይ እግሩ ሲከዳው ነው ሆስፒታል የገባው። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ቲቢ የሳንባ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ አጥንትም ይበላል፣ በአገራችን ሐኪሞችም ዘንድ የታወቀ ነው። ዛሬ መድኃኒቱን ይዞ በክራንች ይሄዳል። ማሸቱ ቲቢ አላመጣበትም። አራት ወር ግን ወሰደበት፤ በቲቢ የተበላ አከርካሪ ላይ ደግሞ ሰው ሙሉ ክብደቱን ሲጫን አስቡት።

«ታዲያ ወጌሻ ይጥፋ ነው የምትለው?» አይደለም። ኳስ ስጫወት የወለቀች ጣቴን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው፤ ውልቃት በእጅ የሚመለስ ነገር ነውና። የእግር ኳስ ቡድኖቻችን ባለሙያ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ነው የሚጠራው፤ «ወጌሻ ወደ ሜዳ ገብቷል» ሲባል ማን ይስቃል? ችግሩ ስብራት ላይ ነው። የተሰበረ እግር በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ እግሩ እያበጠ ማሰሪያው ካልላላ ደም ይቆማል፤ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻ ይሞታል። ከዚያ የሚቀረው መቁረጥ ነው። ጣቱ ሲጠቁርና ሲደነዝዝ «ታገሥ፣ እየሠራ ነው» የተባለ ልጅ ዕዳው ዕድሜ ልክ ነው።

የሚገርመው መፍትሔው ተሞክሮ ማየታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት የወጣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ጥናት አለ። ወጌሾችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ በጋንግሪን የሚመጣው ታካሚ ቀነሰ። አንድ ቀን! ስንት የአንድ ቀን ዎርክሾፕ በአበልና በሻይ ዕረፍት ያለፈብን ሕዝብ ነን። የ1985ቱ የጤና ፖሊሲም የባህል ሕክምና ጠቃሚ ጎኑ ተጠንቶ እንዲዳብር ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዛሬ የወገብ ታማሚ ሆኗል።

እንግሊዞችም ወጌሻ ነበራቸው። ሙያውን አላጠፉትም፣ መዝገብ አበጁለት። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ ሳይመዘገብ ራሱን ኦስቲዮፓት ብሎ የሚጠራ ሰው ወንጀለኛ ነው። ካጠፋ የሚከሰስበት ቦታ አለ። ከእኛ የሚለዩት በእጃቸው አይደለም፣ በዚህ ነው።

ሐኪሞቻችንንም ሳልናገር አላልፍም። ብዙዎቻችሁ እንደምትደክሙ አውቃለሁ፤ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ያለውን የጥቁር አንበሳን ሰልፍ አይቻለሁ። ግን ወገቡን ይዞ የገባ ሰው ሳይነካ፣ ልብሱን ሳያወልቅ፣ የኤምአርአይ ወረቀትና ዳይክሎፌናክ ይዞ ሲወጣ የት ይሄዳል? የሚነካው ሰው ጋ ነዋ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ የሚያስመርቃቸው ልጆች በእጅም በእንቅስቃሴም ማከም ተምረዋል። ስንቶቻችሁ ናችሁ ወደነሱ የምትጽፉት?

እናንተ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ከመተኛታችሁ በፊት ሰውዬው ይጠይቃችሁ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ አለ ወይ? ወድቀህ ነበር? ካንሰር ታክመህ ታውቃለህ? እግርህ ይደነዝዛል? ሽንት እምቢ ካላችሁ ወይም ካመለጣችሁ፣ መቀመጫችሁና ብልታችሁ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ያ የእሽት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ጥያቄ የሌለው እጅ አይንካችሁ። አንገትን በድንገት ማዞር ጭራሽ አትፍቀዱ፤ አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ተቀዶ ስትሮክ ያመጣል፣ ፀጉር ቤት ውስጥ በነፃ የሚደረገውም ጭምር። በማግሥቱ ትንሽ መዛል ያለ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ሄዳችሁ ምንም ለውጥ ከሌለ ግን አቁሙ። ቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ ሳይሰጣችሁ አሥር ቀጠሮ የሚሰጣችሁ ሰው ወገባችሁን ሳይሆን ቀጠሮውን ነው የሚያክመው።

እኔ አራተኛው ላይ አቆምኩ። የስድስቱን ብር ልጠይቅ ስሄድ ሰውዬው አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ዲስኩ ተመልሶ ቢወጣ ኃላፊነት አልወስድም» አለኝ። «ከመጀመሪያውም አልወሰድክም እኮ» አልኩት። ብሩ አልተመለሰም፤ ደረሰኝ ስለሌለኝ የምከስበትም የለኝም። ልደታ ፍርድ ቤት ግን ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

በእሽት ወይም በወጌሻ እጅ ጉዳት የደረሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስም አልጠቅስም። የዳናችሁም ጻፉ፣ ስንት ጊዜ ሄዳችሁ፣ ስንት ከፈላችሁ፣ መጀመሪያ ምን ተጠየቃችሁ? የመጨረሻዋን አትርሱብኝ።