«መረጃዎ ተመስጥሯል» ማለት ብቻውን አይበቃም!

«መረጃዎ የተመሰጠረ ስለሆነ አይስጉ» የሚለውን የኤአይ አገልግሎቶች ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ውሸት ሆኖ አይደለም፤ ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው።

እስቲ ልብ በሉ። መረጃ ወይ ዲስክ ላይ ተቀምጧል፣ ወይ በኔትወርክ እየተጓዘ ነው፣ ወይ ፕሮሰሰሩ እየሠራበት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መመስጠር ዛሬ የተለመደ ነው። ሞዴሉ መልስ እንዲሰጣችሁ ግን የጻፋችሁት መፈታት አለበት። በዚያች ቅጽበት ሰርቨሩ ሚሞሪ ላይ ራቁቱን ነው። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰውም ሆነ ሰብሮ የገባ ሌባ ሊያየው ይችላል።

«ድርጅቱ አናይም፣ አናስቀምጥም ብሏል እኮ» ትሉኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ኒውዮርክ ታይምስ በመሠረተው ክስ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኦፕንኤአይን ምን አለው? ተጠቃሚዎች ያጠፉትን የቻትጂፒቲ ንግግር ሳይቀር ይዘህ ቆይ! ድርጅቱ ተቃወመ፣ ትዕዛዙ ግን ለወራት ጸና። ቃል የገባው አካል ቃሉን ማክበር ቢፈልግ እንኳ የማይችልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ከቃል ይልቅ ማረጋገጫ እንጠይቅ። ቴክኖሎጂው አለ፤ ኮንፊደንሻል ኮምፒዩቲንግ ይባላል። የኢንቴል ቲዲኤክስ እና የኤኤምዲ ኤስኢቪ ሚሞሪውን ከፕሮሰሰሩ በማይወጣ ቁልፍ ይመሰጥሩታል፤ የክላውዱ ባለቤት ቢከፍተው የሚያገኘው ትርጉም የሌለው ነገር ነው። ኤንቪዲያም ከኤች100 ጀምሮ ጥበቃውን ወደ ጂፒዩ አምጥቶታል። ዋናው ቁም ነገር ግን አቴስቴሽን የሚባለው ነው፦ ቺፑ «እዚህ እየሠራ ያለው ኮድ ይሄ ነው» ብሎ በራሱ ቁልፍ ይፈርማል፤ የእናንተ ፕሮግራም ፊርማውን ሳያረጋግጥ አንዲት ቃል አይልክም። ኮዱ በስውር ከተቀየረ ፊርማው ያሳብቃል።

«እሱም ይሰበራል» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፎርሻዶው የተባለው ጥቃት የኢንቴል ኤስጂኤክስን ሰብሯል። ታዲያ ቁልፍ ይሰበራል ተብሎ በር ክፍት ይታደራል? ይልቅ ሌላ የምፈራው ነገር አለ፦ የተፈረመለት ኮድ ራሱ መረጃችሁን የሚገለብጥ ከሆነ ቺፑ የሚጠብቀው ሌባውን ነው። ኮዱን ገለልተኛ ሰው ካላየው ፊርማው ብቻ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ። ለክሊኒክ፣ ለባንክ፣ ለቁጠባ ማኅበር ሲስተም የምትሠሩት። የታካሚ ካርድ እንዳለ ወደ ውጭ ሰርቨር መላክ «ፈጣን መፍትሔ» አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ «አላወቅንም» ማለት አይቻልም። አገልግሎቱን ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. መረጃው ሲሠራበት ማን ሊያነበው ይችላል?
2. አቴስቴሽኑን እኔ ራሴ ማረጋገጥ እችላለሁ?
3. ኮዱን ከእናንተ ውጭ ማን መርምሮታል? ሎግ ላይስ ምን ይቀራል?

ቀጥተኛ መልስ ካላገኛችሁ አትላኩ። አነስ ያለ ሞዴል በራሳችሁ ማሽን ላይ አስኪዱ። ይዘገይ ይሆናል፤ ይዘግይ! ኤችአይቪ እንዳለባት ለሐኪሟ ብቻ የነገረች ሴት ምስጢሯን ለእናንተ ኤፒአይ አልነገረችም።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ሞግቱኝ።