ፎርማት የተደረገ ዲስክ ባዶ አይደለም

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው «ፎርማት ተደርጓል» ካለ የሚጠይቀው የለም። ገዢውም ያምናል፤ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን በጨረታ የሚያስወግደው መሥሪያ ቤትም ይህንኑ በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ይገላገላል። ነገር ግን ዊንዶውስ በፈጣኑ መንገድ ፎርማት ሲያደርግ ዲስኩን አይጠርገውም፤ ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያመለክተውን ሰንጠረዥ ብቻ በአዲስ ይተካል። ስም ከቀበሌ መዝገብ ቢሰረዝ ቤቱ አይፈርስም። የደመወዝ ዝርዝሩም፣ የመታወቂያ ቅጂውም፣ የቤተሰብ ፎቶውም ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ናቸው። እነሱን ለማውጣት ባለሙያ መሆን አያሻም፤ ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል።

ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት የተባሉ የኤምአይቲ ተማሪዎች 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮችን ገዝተው መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳተሙት፣ ከሚሠሩት 129 ዲስኮች ሙሉ በሙሉ የተጠረጉት 12 ብቻ ነበሩ። የቆየ ታሪክ ነው የሚል ካለ ሞርጋን ስታንሊን ይመልከት። ይህ የአሜሪካ ባንክ አሮጌ ሰርቨሮቹንና ዲስኮቹን እንዲያስወግድለት የቀጠረው ዳታ የማጥፋት ልምድ የሌለው የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ነበር። የደንበኞች መረጃ ያለባቸው መሣሪያዎች በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ባንኩ 35 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ገንዘብ ያልቸገረው ባንክ እንዲህ ካደረገ የኛ ግምጃ ቤቶች ምን እየሸጡ ይሆን?

ጉዳዩ ገብቶናል የሚሉት ደግሞ ሌላ አጉል እምነት አላቸው፤ ዲስኩ 35 ጊዜ ካልተደመሰሰ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ቁጥሩ የመጣው ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ካቀረበው ጥናት ነው። ጉትማን ዙሮቹን ያሰናዳው በጊዜው ለነበሩ የተለያዩ የዲስክ ዓይነቶች ነው እንጂ ሁሉም በአንድ ዲስክ ላይ እንዲደረደሩ አልነበረም፤ ሰዎች እንደ ድግምት ሲደጋግሙት አይቶ ራሱ ተችቷቸዋል። ለዛሬ ሃርድ ዲስክ፣ መላውን ዲስክ አንድ ጊዜ በዜሮ መሸፈን በቂ ነው።

ኤስኤስዲና ፍላሽ ላይ ግን መደጋገሙም አያዋጣም። ውስጣቸው ያለው መቆጣጠሪያ ሴሎቹ ቶሎ እንዳያልቁ አዲሱን ጽሑፍ ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል፤ አሮጌው ቅጂ ከዓይን ተሰውሮ ሊቆይ ይችላል። ለኤስኤስዲ የሚሠራው በራሱ ውስጥ የተሠራው የማጥፊያ ትእዛዝ ነው። ርካሽ ፍላሽ ከሆነ ሰባብሮ መጣል ይሻላል፤ ለሃምሳ ብር ሲሉ ምስጢር መሸጥ ምን ይሉታል?

ከሁሉ የሚበልጠው መላ ኮምፒውተሩ በተገዛበት ዕለት ዲስኩን ማመስጠር ነው። የዊንዶውሱ ማመስጠሪያ ቢትሎከር ወይም የማኩ ፋይልቮልት ከመጀመሪያው ከተከፈተ፣ በመጨረሻው ቀን ቁልፉን ማጥፋት ብቻ ይበቃል፤ የቀረው ማንም የማያነበው ዝባዝንኬ ነው። አይፎንም ሆነ አዳዲሶቹ አንድሮይዶች ሪሴት ሲደረጉ የሚሆነው ይኸው ነው። ሰዉ ግን የተመሰጠረውን ስልክ ለመሸጥ ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋል፤ ያልተመሰጠረውን ሚሞሪ ካርድ ግን ከነፎቶው ለጠጋኝ ትቶ ይሄዳል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ መሥሪያ ቤት አላወቅሁም ብሎ ሊያመልጥ አይገባም። የንብረት ማስወገጃ ሰነድ የሚቀርብልዎ ኃላፊ ከሆኑ፣ የእያንዳንዱ ዲስክ መለያ ቁጥር፣ የተጠረገበት ዘዴና መጠረጉን ያረጋገጠው ሰው ስም ያልሰፈረበት ወረቀት ላይ አይፈርሙ።